ያልረጋው ረድፍ

በኤረር በር ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ስለ ግድግዳ ነው።

«ግድግዳችሁ ረግቶ አደረ?»

«ረግቶ አድሯል፣ ተመስገን።»

ከዚያ ወደ ጤናና ወደ ልጆች ይታለፋል። መልሱ ሌላ ከሆነ ጠያቂው «በሉ ዛሬ እኛ ጋ ዋሉ» ይላል፤ ተጠያቂውም ውሃውንና ምንጣፉን ይዞ ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው።

በከተማዋ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ በር አይከፈትም። ገበያው ንጋት ላይ ቆሞ ፀሐይ ሳትጠነክር ይበተናል። ትምህርት ቤት ማታ ነው፤ ቀብር ጎህ ሲቀድ። ዝጉ ሰዓት በሚባለው በዚህ ጊዜ ሰዉ ጀርባውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይቀመጣል። ግድግዳው ውስጥ በጠፍጣፋ ሳጥኖች የታሸገ፣ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ልዩ ጨው አለ። ቀኑ ሲግል ጨው ይቀልጣል፤ ሲቀልጥ የቤቱን ሙቀት ይጠጣል። ውጪው ሃምሳ ሲሞላ ውስጡ ሠላሳ ሁለት ላይ ይቆያል። ንጋት ላይ አየሩ ከሠላሳ ሁለት በታች ሲወርድ ደግሞ ጨው የጠጣውን ሙቀት መልሶ ይለቅና ይረጋል። ማንም አያዘውም፤ የሚያንቀሳቅሰው ሞተርም የለም። ከሠላሳ ሁለት በላይ መቅለጡ በራሱ ይሄዳል፣ ከሠላሳ ሁለት በታች መርጋቱ በራሱ ይሄዳል። ረግቶ ያደረ ግድግዳ ለቀጣዩ ቀን ዝግጁ ነው። ሳይረጋ ያደረ ግን ፈሳሽ የሞላው ሳጥን ከመሆን አያልፍም፤ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ እንደ ምድጃ ይግላል።

ዘቢባ ኢድሪስ የዚህች ከተማ ግድግዳ አንባቢ ነበረች። በ2094 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ሥራውን ከያዘች ደግሞ አሥራ ሰባት። በየንጋቱ የእንጨት መዶሻዋን ይዛ ከቤት ቤት ትሄዳለች፣ ግድግዳውን ታንኳኳለች። የረጋ ግድግዳ ድንጋይ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ ድፍን ድምፅ ይመልሳል። የቀለጠው ውስጡ ይንቦጫረቃል። ከዚያ ቅጹ ላይ አንዲት ፊደል ትጽፋለች፤ «ረ» ወይም «ቀ»። አንድ ረድፍ ሙሉ ሦስት ንጋት በተከታታይ «ቀ» ከተጻፈበት ሌሊቱ ለዚያ ረድፍ ሞቋል ይባልና አውቶቡስ ይመጣል። ነዋሪው ወደ ደጋው ሠፈር ይወሰዳል፣ በሮቹ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ረድፉም ይዘጋል። ከሁለት ዓመት በፊት ስድስተኛው ረድፍ እንዲህ ተዘግቷል። ስልሳ አንድ ሰው ነበር። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ በዝጉ ሰዓት ሲቆም እትዬ ፋናዬ የሚባሉ አንዲት አሮጊት እዚያው አረፉ። ያን ጊዜ ሦስቱን «ቀ» የጻፈችው ዘቢባ ናት።

ግንቦት አሥራ አንድ ቀን ንጋት ላይ አሥራ አራተኛው ረድፍ ደረሰች። ከጥቁሩ ኮረብታ ሥር ያለ፣ ከተማዋ ስትቆረቆር መጀመሪያ የተሠራ የዘጠኝ ቤት ረድፍ ነው። የፊተኛው ቤት የኦብሴ ነበር። ኦብሴ ስምንት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ናት፤ በሩን የከፈተችው አንድ እጇን ወገቧ ላይ ደግፋ ነው።

ዘቢባ ግድግዳውን አንኳኳች። ተንቦጫረቀ።

«ትናንትም እንዲሁ ነበር» አለች ኦብሴ። «ሁለተኛ መሆኑ ነው አይደል?»

«ሁለተኛ ነው።»

«ነገም ካልረጋ ይወስዱናል ማለት ነዋ።» ኦብሴ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በዚህ ሆዴ አውቶቡስ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ… እኔ የሚገርመኝ ግን ሞቀ የሚሉት የቱ ሌሊት እንደሆነ ነው። ንጋት ላይ በረደኝ ብዬ እኮ ጋቢ ደርቤያለሁ።»

ዘቢባ የሚቀጥለውን በር ልታንኳኳ ዞራ ነበር፤ ቆመች። ቅጹ ሙቀት አይጠይቅም፤ ቴርሞሜትሯን ከቦርሳዋ ካወጣች ወራት አልፈዋል። አወጣችና በግድግዳው የመለኪያ ቀዳዳ ከተተችው። ሃያ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አለ።

አራግፋ መልሳ ከተተችው። ያው ነው።

በሃያ ዘጠኝ ጨው መርጋት አለበት። ዘጠኙንም ቤት ለካች፤ ሁሉም ከሠላሳ በታች ነበሩ፣ ሁሉም ይንቦጫረቁ ነበር።

ቅጾቹን የሚቀበለው ጽሕፈት ቤት የሚዘጋው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ከመዘጋቱ በፊት ደረሰች። ኃላፊው አቶ ዳግማዊ የሰማውን አላስተባበለም። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«ቅጹ ላይ የሙቀት ቦታ የለም፣ ወይዘሮ ዘቢባ» አላት።

«ስለሌለ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ምን ላድርግ? ሦስት ጊዜ ‹ቀ› ከሆነ አውቶቡሱ በራሱ ይታዘዛል። ነገ ከነጋ በኋላ ‹ረ› ካየሁ ቆጠራው ይሰረዛል። ከዚያ ውጪ በእጄ ያለ ነገር የለም።» ትንሽ አስቦ ጨመረ። «የግድግዳው ጨው ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ሳይዘጋ እዚያ የሠሩ አንድ አዛውንት አሥራ አራተኛው ረድፍ ውስጥ አሉ። ምናልባት እሳቸው ያውቁ ይሆናል።»

አዛውንቱ ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ በመጨረሻው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ዘቢባ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ቤታቸው ከወዲሁ ታፍኗል።

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ዛሬ እኔ ጋ ይዋሉ» አለቻቸው።

«አንቺ ሦስተኛው ረድፍ አይደለሽ? እስከዚያ ድረስ እግሬ…»

«ደግፌዎት እሄዳለሁ። የምጠይቅዎትም ነገር አለ።»

በሩ ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩት ገቡ። ጎን ለጎን ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። የዘቢባ ግድግዳ ያን ቀን ደህና ረግቶ ስላደረ ጀርባቸው ላይ ለዘብ ያለ ቅዝቃዜ ተሰማቸው። የኦብሴ ግድግዳ በሃያ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት እንዳልረጋ ለአዛውንቱ ነገረቻቸው።

«ሊረጋ ይችላል ማለት ይረጋል ማለት አይደለም» አሉ። «ሙቀቱ መንገዱን ከፍቶለታል። አሁን ከመቅለጥ መርጋት ይቀለዋል። ግን ማን ይጀምር? ፈሳሹ ውስጥ እያንዳንዷ ቅንጣት ሌላዋን እየጠበቀች ነው የምትቆመው። መጀመሪያ የሚረጋ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ሌላው እሱን ይዞ እንዲሰለፍ።»

«ታዲያ እስከዛሬ ምን ያስጀምረው ነበር?»

«ሌላ ነጭ ዱቄት እንጨምርበት ነበር። እኛ ሠራተኞቹ እርሾ ነበር የምንለው። አሥራ አራተኛውን ረድፍ እኮ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ላይ እርሾው እንዳይዘቅጥ ፈሳሹን የሚያወፍረው ማወፈሪያ በቂ አልነበረም። እርሾው ቀስ እያለ ወርዶ ታች ዘቅጧል፤ ከላዩም ደለል ተጭኖታል። ከፈሳሹ ጋር አይገናኝም።»

«አሁንስ እርሾ ከየት ይመጣል?»

አዛውንቱ በክርናቸው ግድግዳዋን መታ መታ አደረጉ። «ከዚህ። የረጋ ጨው ራሱ እርሾ ነው። ምስር የምታህል ፍንጣሪ ለአንድ ሳጥን ትበቃለች።»

በማግስቱ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ዘቢባ የአንዱን ሳጥን ክዳን ፈታች፣ በመሮ ጫፍ ጨውን ፈነቀለች። መስታወት የመሰለ ስባሪ ወጣ። መዳፏ ውስጥ ጨብጣው እዚያው ያደሩትን አዛውንት በሌላ እጇ ደግፋ ወጣች። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። የኦብሴ ቤት ደርሳ መዳፏን ስትዘረጋ ውስጡ ርጥበት ብቻ ነበር።

ሦስቱም እጇን አዩት።

«አዬ እኔ!» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «እኔን ነው መውቀስ። መዳፍሽ እኮ ሠላሳ አምስት ነው። ጨው እጅሽንና ግድግዳሽን ለይቶ አያውቅም፤ ከሠላሳ ሁለት በላይ ከሆነ ይቀልጣል፣ አለቀ።»

ሰዓቱ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነበር። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አየሩ ከሠላሳ ሁለት በታች የሚቆየው ቢበዛ ለአርባ ደቂቃ ነው። ዘቢባ የኦብሴን ነጠላ ተቀብላ የውሃ ባልዲ ውስጥ ነከረችው፣ መዶሻዋን ይዛ ሮጠች። ሦስተኛው ረድፍ ሩቅ ስለሆነ ቅርብ ያለውን አሥራ አንደኛውን መረጠች። የመጀመሪያውን በር አንኳኳች። በሩን የከፈተችላት ሴት ፀጉሯን እየሠራች ነበር።

«ከግድግዳሽ ትንሽ ጨው ልውሰድ፤ ለአሥራ አራተኛው ረድፍ ነው» አለቻት።

ሴትየዋ ምክንያት አልጠየቀችም። ክዳኑን ራሷ ፈታችላት።

በእርጥቡ ነጠላ የተቋጠረውን ጨው ዘቢባ በመዶሻው እጀታ ጫፍ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ተመለሰች። ንፋሱ ነጠላውን እየነካ ያቀዘቅዘዋል። ስትደርስ ጋሽ ወንድይፍራው የኦብሴን የመጀመሪያ ሳጥን ከፍተው ይጠብቋት ነበር። ቋጠሮውን ፈታች። ጨው አለ፤ ጠርዙ ብቻ ሟሙቷል። በማንኪያ ጫፍ አንድ ፍንጣሪ አንስታ ጣለችበት።

ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ በቀዳዳው ባትሪ ሲያበሩበት ከፍንጣሪዋ ዙሪያ ነጭ መርፌዎች ወጡ። መርፌዎቹ ሌሎች መርፌዎችን አወጡ፤ ወደ ታችና ወደ ጎን ሄዱ፤ ጥርት ያለው ፈሳሽ በዓይናቸው ፊት ነጣ። ዱቄት በእጅ ሲታሽ እንደሚሰማው ያለ ስስ ድምፅ ይሰማ ነበር። ኦብሴ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ወዲያው ሳበችው።

«ሞቀ! ምን ሆነ? ሞቀ እኮ!»

«ትናንት ያልመለሰውን ሙቀት አሁን እየመለሰ ነው» አሉ አዛውንቱ። እያለቀሱ ነበር፤ እንባቸውን ግን አልጠረጉም። «መስኮቱን ክፈቺው፣ ይውጣ።»

ዘቢባ መዶሻዋን አንስታ አንኳኳች። ድፍን ድምፅ መለሰላት።

ከዚያ በኋላ ሥራው የረድፉ ሰው ሁሉ ሆነ። ከረጋው ሳጥን ፍንጣሪ እየተወሰደ ወደሚቀጥለው ይጣላል። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ማንኪያ ያለው በማንኪያ፣ የሌለው በቢላ ጫፍ። ንጋቱ ሞቆ ሠላሳ ሁለትን ሲሻገር ከዘጠኙ ቤቶች ሰባቱ ረግተው ነበር። የቀሩት የሁለቱ ቤቶች ሰዎች ምንጣፋቸውን ይዘው ጎረቤት ገቡ። ዘቢባ ቅጹ ላይ ሰባት «ረ» እና ሁለት «ቀ» ጻፈች፤ በኅዳጉ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ሙቀቱን አሰፈረች። አውቶቡሱ አልመጣም።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ብቻዋን ወደ ስድስተኛው ረድፍ ሄደች። በሮቹ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ደብዝዟል። የእትዬ ፋናዬ ቤት ክፍት ነበር፤ ሳጥኖቹን የሚያነሳ ሰው ስላልተገኘ ግድግዳው እንዳለ ነው። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ነጥብ ሁለት አለ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ሌሊቱ ከዚህ አይሞቅም ነበር። የሳጥኖቹን ክዳን ፈታች፣ በእርጥብ ጨርቅ ቋጥራ ያመጣችውን ጨው ጣለችባቸው። ግድግዳው ከአሥር ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ረጋ። እዚያው ባዶው ወለል ላይ ጀርባዋን ወደሚሞቀው ግድግዳ ሰጥታ ተቀመጠች፤ ሌሎቹን ረድፎች ያን ቀን ዘግይታ አነበበች።

የሆነውን ሁሉ ጽፋ ለአቶ ዳግማዊ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይኼን ካስገባሁት ስድስተኛው ረድፍ ያለ ምክንያት ነው የተነሳው ብለን መፈረማችን ነው» አላት። «የአንቺ ስም አለበት። የእኔም።»

«አውቃለሁ።»

አስገባው። ከሳምንት በኋላ ቅጹ ላይ ለሙቀት አንድ ዓምድ ተጨመረ። ዘቢባ ለስድስተኛው ረድፍ ቤተሰቦችም አንድ በአንድ ጻፈችላቸው። ሦስቱ መለሱ። ሁለቱ በደጋው እርሻ ይዘዋል፤ አይመለሱም። የእትዬ ፋናዬ ልጅ የላከው አንድ መስመር ነበር፤ «እናቴ ልትተርፍ ትችል ነበር ማለትሽ ነው?» ይላል። ዘቢባ ብዙ ጊዜ ጀምራ ቀደደች። በመጨረሻ የላከችው ይህን ነው። «ይተርፉ እንደነበር አላውቅም። ግድግዳው ግን ይረጋ ነበር። አልለካሁትም።»

ኦብሴ ግንቦት ሃያ አራት ቀን ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሌንሴ አሏት።

በሰኔ ሌሊቶቹ መሞቅ ጀመሩ። አሥራ አራተኛው ረድፍ ያለበት ኮረብታ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀን የጠጣውን ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ከሌላው ሠፈር ቀድሞ እዚያ ይደርሳል። የረድፉ ሰው በየንጋቱ ሳጥኖቹ ውስጥ ፍንጣሪ ይጥል ነበር፤ ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት ሲሆን ግድግዳው ለመርጋት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሠላሳ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ሲሆን ንጋቱ አልበቃውም፤ ግማሹ ረግቶ ግማሹ ቀረ። ጋሽ ወንድይፍራው በየማለዳው ወንበራቸውን ደጅ አውጥተው ቁጥሩን ይጠይቁ ነበር።

ሰኔ ሃያ ሁለት ቀን ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሦስት ነጥብ አንድ አለ። ዘቢባ ከአሥራ አንደኛው ረድፍ ያመጣችውን ጨው የኦብሴ ሳጥን ውስጥ ጣለች። ፍንጣሪዋ ፈሳሹ ላይ ትንሽ ቆየች፣ ጠርዟ ዶለዶመ፣ ሳሳች፣ ጠፋች።

«ትንሽ ጨምሪበት» አለ የኦብሴ ባል ሬድዋን። ልጁን ታቅፎ ከኋላዋ ቆሟል።

ጨመረች። ያም ጠፋ።

«እርሾ ያስጀምራል እንጂ አያስገድድም» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «ያኔ መንገዱ ተከፍቶ የሚጀምር ነበር የጠፋው። አሁን መንገዱ ራሱ ዞሯል። ባልዲ ሙሉ ብትጨምሪም ያንኑ ባልዲ ነው የሚያቀልጥልሽ።»

«እሺ፣ በአርባ የሚረጋ ሌላ ጨው የለም?» ሬድዋን አልተወም። «እሱን ብንሞላ በየሌሊቱ ይረጋል አይደል?»

«አለ እንጂ። በአርባም በአርባ ስምንትም የሚረጋ አለ። ግን በአርባ የሚረጋ ጨው ቤቱን የሚይዘውም አርባ ላይ ነው። ግድግዳው ደህና ይሆናል።» ወደ ሕፃኗ ተመለከቱ። «እኛ ነን አርባ ላይ የማንሆነው።»

ሬድዋን በአንድ እጁ የሳጥኑን ክዳን መልሶ ገጠመ።

በማግስቱ ሠላሳ ሦስት፣ በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሦስት ነጥብ አራት ሆነ። ዘቢባ በእያንዳንዱ ንጋት ዘጠኙንም ቤት ለካች፣ በእያንዳንዱ ቤት ጨው ጥላ ሲጠፋ ለባለቤቶቹ አሳየች። ሦስተኛው ቀን ላይ ዘጠኝ «ቀ» ጻፈች፤ በአዲሱ ዓምድ ቁጥሮቹን አሰፈረች፤ ከሥር ፈረመች። ረድፉ ውስጥ የጮኸ አልነበረም። አንዳንዱ ዕቃውን ከትናንት ጀምሮ አስሯል።

በዚህኛው ጊዜ ጉዞው በዝጉ ሰዓት እንዳይሆን አቶ ዳግማዊ አጥብቆ ስለጠየቀ አውቶቡሱ በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ መጣ፤ አንድ መለዋወጫ አውቶቡስም ተከትሎት ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ከሾፌሩ ጋር ስለ ደጋው ብርድ ወዲያው ወሬ ጀመሩ። ቀይ ቀለሙን የቀባችው ዘቢባ ናት። ሌላ ሰው እንዲቀባው ሊልኩላት ነበር፤ እኔ እቀባዋለሁ አለች።

ኦብሴ ከሁሉም ኋላ ወጣች። የተቀባውን በሯን ሳይሆን ዘቢባን ነበር የምታየው።

«ዘቢባ፣ እንደ ባለፈው የሆነ ነገር ጎድሎት እንዳይሆን?» አለቻት። «ትንሽ ነገር ብቻ። የረሳነው።»

«የለም፣ ኦብሴ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ለክቼዋለሁ።»

ኦብሴ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ጥቅሎቹን ለማስገባት ሕፃኗን ለዘቢባ አቀበለቻት። ሌንሴ ተኝታ ነበር፤ ላብ ግንባሯ ላይ የለም። ዘቢባ ኦብሴ ቦታዋን ይዛ እጆቿን እስክትዘረጋ ድረስ አቀፈቻት፣ ከዚያ በመስኮቱ አቀበለቻት።

አውቶቡሶቹ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ላይ ተነሱ። አቧራቸው እስኪረጋ ድረስ ቆማ አየች። ከዚያ መዶሻዋንና ቴርሞሜትሯን አነሳች፤ አሥራ አምስተኛው ረድፍ ገና አልተነበበም ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠነክር ለመድረስ እርምጃዋን አፈጠነች።